ኳሱን እንደ ማጠፊያ የቆጠርኩበት ወረቀት

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ክሊራንስ ለመጨረስ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። በስሜ ወጪ የሆኑትን ዕቃዎች አንድ በአንድ አስረከብኩ፤ ሁለት ነጭ ጋዋን፣ የመሳቢያ ቁልፍ፣ የደም ግፊት መለኪያ። በመጨረሻ ከደረት ኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኳትን መሣሪያ የንብረት ሠራተኛዋ አገላብጣ አየቻት። ሁለት ረጃጅም የፕላስቲክ ክንዶች አሏት፤ ክንዶቹ በሚገናኙበት ላይ ዲግሪ የተጻፈበት ክብ አለ።

«ጋሼ፣ ይህቺ መዝገቡ ላይ ‹ማስመሪያ› ተብላ ነው ያለችው» አለችኝ።

«ማስመሪያ አይደለችም። ጎኒዮሜትር ትባላለች፤ የመገጣጠሚያ መለኪያ ናት።»

«የምን መገጣጠሚያ? የቧንቧ?»

«የሰው።»

ስላላመነችኝ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ እንድታስደግፍ ነገርኳት። የመሣሪያዋን አንድ ክንድ ከላይኛው ክንዷ፣ ሌላውን ከታችኛው ጋር አስተካክዬ እጇን እንድታጥፍ አደረግሁ። «መቶ አርባ አምስት» አልኳት።

«ጥሩ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

እጇን ዘርግታ ደግማ አጠፈችው፤ ልክ ገና ዛሬ እንደተሰጣት ሁሉ። «እዚህ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ስቀመጥ ሙሉ ነሽ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» ብላ ሳቀች። ከዚያም «ማስመሪያ፣ አንድ፣ ተመላሽ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

የመሣሪያዋን ስም እንደገና ላርማት ይገባኝ ነበር፤ ተውኩት። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ያቺን መሣሪያ ከማስመሪያ ባልተሻለ መንገድ ተጠቅሜባት አውቃለሁ። በዚያም ምክንያት አንድ ሰው የሚታለቡ ግመሎቹን አጥቶ ነበር። ብዕር ያነሣሁት ያንን ለመጻፍ ነው፤ ሆኖም በቅደም ተከተል ላስኬደው።

የተወለድኩት እዚሁ ጅጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥተው በዚሁ ቀሩ፤ አባቴ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆንኩ። የአገልግሎት ዘመኔን ትልቁን ክፍል በሐረርና በድሬዳዋ አሳልፌ፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማዬ እንድዛወር ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ። የደረስኩበት የሆስፒታል ክፍል ከኤክስሬይ ክፍሉ ጀርባ የምትገኝ፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ትልቅ መስታወትና ለመራመድ የሚያስደግፉ ሁለት ትይዩ እንጨቶች የያዘች ነበረች። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ስለ እሱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል።

በመሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ነገሮች አስቀምጥ ነበር። አንዱ ከዕቃ መሸጫ የገዛሁት የበር ማጠፊያ ነው። ሁለተኛው ከጋራዥ የለመንኩት አሮጌ የማርሽ ዘንግ ከነመቀመጫው ነው። ሕመምተኛው የገዛ መገጣጠሚያው እንዴት እንደሚሠራ ከገባው፣ ልምምዱን በራሱ ፍላጎት ይሠራል፤ ካልገባው ግን እኛን ለማስደሰት ብቻ ይሠራና ቤቱ ሲገባ ይተወዋል። ስለዚህ ጉልበቱ የደረቀ ሰው ሲመጣ ማጠፊያውን አወጣለሁ። «ጉልበትህ ይህ ነው፤ ክርንህም፣ ጣቶችህም። በአንድ መስመር ይከፈታል፣ በአንድ መስመር ይዘጋል።» ትከሻው የተያዘ ሲመጣ ደግሞ የማርሽ ዘንጉን አወጣለታለሁ። ጫፉ ኳስ ነው፤ ኳሱ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ በራሱ ላይም ይዞራል። ትከሻና ዳሌ እንዲህ ናቸው። የአይሱዙ ሾፌሮች ይህን ከማንም ፈጥነው ይረዱ ነበር።

በየጊዜው ከጤና ቡድን ጋር ወደ ሰሜኑ ከተሞች እንላክ ነበር። እነዚያ ጉዞዎች ለእኔ አንድ የምወደውን ጥያቄ ይዘው ይመጡ ነበር፦ የዚህ ከተማ ሥራ የሰውን አካል በየትኛው በኩል ይጎዳል? በአይሻ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አንገቱን ማዞር ተስኖት መጣ። የአንገት የመጀመሪያው አጥንት ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ችካል ወደ ላይ የቆመ ጥርስ አለው፤ ቀለበቱ በችካሉ ዙሪያ ይዞራል። «አይሆንም» ስንል ጭንቅላታችንን የምንነቀንቀው በዚህ ነው። ይህን ስነግረው ሾፌሩ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲህ እኔ አይሆንም ማለት አልችልም ማለት ነዋ፤ ለዚህ ነው አለቃዬ የወደደኝ» አለ። አንገቱ ሲሻሻልም መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ በረዳቱ ላይ መሳቅ ነበር።

በደወሌ ደግሞ አውራ ጣቱ ከሥሩ ያበጠ የጉምሩክ ሠራተኛ አገኘሁ። ከምን እንደመጣበት ስጠይቀው «ከማኅተም» ብሎ መለሰልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ይመታል። የአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ በአካላችን ካሉት ሁሉ ያስደንቀኛል። ሁለቱም አጥንቶች የኮርቻ ቅርጽ አላቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ይቀመጣል። ጣቱ ወደፊትና ወደ ጎን የሚሄደው፣ ዞሮም ከትንሿ ጣት ጋር የሚገናኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ባይኖር ብዕርም ማንኪያም በእጃችን አይጸናም። የማኅተሙን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ አወፍሮ በመዳፉ እንዲመታ መከርኩት። «የመንግሥትን ማኅተም ልብስ አልብሼ አለቃዬ ሲያየኝ ምን እላለሁ?» አለ። «በርዶት ነው በል» አልኩት። በሚቀጥለው ጉዞ ሳገኘው ጣቱ ድኖ ማኅተሙ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ነበር።

እንዲህ ያሉትን ድሎች እየቆጠርኩ ነበርና፣ በራሴ ሥራ ላይ ያለኝ እምነት ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

በሆስፒታሉ ከእኔ በፊት የነበሩት ቅጾች ረጃጅምና የተዝረከረኩ ነበሩ። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ሙክታር፣ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ ትጉህ ሰው፣ አጠር ያለ ነገር እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። የመገጣጠሚያዎችን እንቅስቃሴ በአንድ ገጽ የሚያጠቃልል ቅጽ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለት ሣጥን ሰጠሁ፦ አንዱ ለመታጠፍ፣ ሌላው ለመዘርጋት። ከሥር «ሙሉ» ወይም «ጎዶሎ» የሚል መደምደሚያ አለ። አቶ ሙክታር አይቶ፣ «ጋሽ ግርማ፣ ይህ ለሪፖርት አንደኛ ነው» አለ። ቅጹ ተባዛ። በግድግዳው ላይ አንዱ ሲለጠፍ በልቤ ደስ አለኝ።

ይህን ቅጽ ያልወደደችው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ኤዶ ሮዳ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ከዶክተሩ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም የሚጠራት እንዲሁ ነበር። የጄሶ ክፍሉን ለብዙ ዓመታት የያዘች፣ መጀመሪያ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥራ ሙያውን በማየት የተማረች፣ ዲፕሎማ የሌላት ሴት ናት። እኔ በሙያ ስለ ሰው መገጣጠሚያ ካወቅሁት ውስጥ ጥሩ ጥሩው ከእሷ የተማርኩት ነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ያኔ ግን ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ልማዶቿን ላስታውስ። የተጎዳውን እግር ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ ደህነኛውን ትነካ ነበር። «ደህነኛው ነው እውነቱን የሚናገረው» ትላለች፤ የእያንዳንዱ ሰው ልክ በራሱ ደህነኛ እግር ላይ ተጽፏልና። ሁለተኛ፣ መገጣጠሚያን እስከ መጨረሻው ስታንቀሳቅስ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚቆም ታዳምጣለች። ክርን ሲታጠፍ ሥጋ በሥጋ ላይ ያርፍና በልስላሴ ይቆማል። ጅማት ሲያቆመው እንደ ተወጠረ ቆዳ ትንሽ ይሰጣል። አጥንት በአጥንት ላይ ሲደርስ ግን ደረቅ ነው፤ የተዘጋ በር ነው። «ቆዳን ታግሠህ ታለፋዋለህ፤ በርን ግን አትግፋ» ትል ነበር። በትምህርት ቤት ይህን በሦስት መስመር ተምሬዋለሁ፤ በእጄ ያወቅሁት ግን እጇን በእጄ ላይ አድርጋ ካሳየችኝ በኋላ ነው። ሦስተኛው ልማዷ ጥያቄ ነው። ጄሶውን ቆርጣ ከማውጣቷ በፊት ሕመምተኛውን፣ «ቤትህ ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው?» ትለዋለች። አንዱ እሰግዳለሁ ይላል፤ ሌላዋ ውኃ እቀዳለሁ ትላለች። ያንኑ በደህነኛው እግር ወይም እጅ እንዲያሳዩአት ታደርጋለች።

አፍና አፍንጫችንን በጭንብል ሸፍነን በምንሠራበት ጊዜ ጉሌድ የሚባል ሰው መጣ። ከጅጅጋ ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ከሚገኝ መንደር ነው። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ የቀኝ ጭኑ አጥንት ከላይ፣ ከዳሌው አጠገብ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ እስኪገጥም ብዙ ስለተኛ ጉልበቱ እንደ ግንድ ደረቀ። የእኔ ሥራ ጉልበቱ ላይ አተኮረ። በማጠፊያው አስረዳሁት፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየመጣ ያለ ማማረር ሠራ። ሰላሳ ዲግሪ የነበረው ጉልበት ቀስ በቀስ መቶ ሰላሳ ደረሰ። ዳሌውንም ለካሁ፤ ወደፊት ይታጠፋል፣ ወደኋላ ይዘረጋል። ሁለቱም ሣጥኖች ጥሩ ቁጥር ያዙ።

ታላቅ ወንድሙ ኦመር በመጨረሻው ቀን አብሮት መጣ። የቤተሰቡን መንጋ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። «ዶክተር፣ ወረቀት ስጠን። ሥራ መሥራት እንደሚችል የሚል» አለ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ነግሬው ቅጹን ሞላሁ። ከሥር «ሙሉ» የሚለውን ከበብኩና «ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተም አስመታሁ።

ኤዶ ሮዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ግርማ፣ ይህ ሰው የግመል ሰው ነው። ሲቆም አይተኸዋል?»

«ቆሞ ነው እኮ የሄደው።»

«በሁለት እግሩ። በአንዱስ?»

«በአንድ እግር መቆም ቅጹ ላይ የለም» አልኳት።

«እሺ» አለች። የኤዶ ሮዳ «እሺ» ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ተስማምቻለሁ ማለት ነው። ይህኛው ሌላው ነበር።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ክፍሌ ገባች። ሳትቀመጥ ወረቀቱን ዘረጋችው። የእኔ ቅጽ ኮፒ ነበር።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ማን ልበል?»

«ሂቦ እባላለሁ፤ የጉሌድ ሚስት ነኝ። ባሌ ውሸታም ነው ወይስ አንተ ነህ?»

እንድትቀመጥ ለመንኳት። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነገረችኝ። ጉሌድ ቤቱ እንደተመለሰ ግመል ሊያልብ ሞከረ፤ አልቻለም። የማለቢያ ዕቃው ከነወተቱ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። ወንድሙ ኦመር መጀመሪያ ታገሠ፣ ኋላ ግን ወረቀቱን አውጥቶ ለሽማግሌዎች አስነበበ። ሐኪሙ ሙሉ ነው ብሏል፤ ስለዚህ ሰውየው ሥራ ጠልቷል፣ ጅጅጋ ጫት መቃም ለምዷል ተባለ። የጉሌድ ድርሻ የነበሩት የሚታለቡ ግመሎች ማለብ ለሚችል ለአጎቱ ልጅ ተላልፈው ተሰጡ።

«ወተቱን በጠዋት መኪና ወደ ጅጅጋ የምልከው እኔ ነበርኩ» አለች። «አሁን የምልከው የለኝም። እሱን ግን ከዚህ የባሰ የሚያመው ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲያየው ይስቃል። የመንግሥት ወረቀት ይመሰክርበታል።»

ኤዶ ሮዳ ከጄሶ ክፍሉ ሰምታ መጥታ ነበር። በክፍሉ መሐል በግራ እግሯ ቆመች፣ የቀኝ እግሯን መርገጫ ከግራ ጉልበቷ ላይ አሳረፈች፣ ጉልበቷን ወደ ውጭ ከፈተችው፤ በጭኗ ላይም ዕቃ እንዳቀፈ ሰው እጆቿን አጠፈች። ግመል ረጅም ናት፤ ተቀምጦ ማለብ አይቻልም። የሚያልበው ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በታጠፈው ጭኑ ላይ ዕቃውን አስቀምጦ ነው የሚያልበው። ጅጅጋ ተወልጄ፣ በመንገዴ ሁሉ ሲያልቡ አይቼ፣ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

«ሴት ልጅ ግመል አታልብም ይሉን ነበር» አለች ኤዶ ሮዳ እግሯን እያወረደች። «ማየት ግን አልከለከሉንም።»

ስሕተቴን ያኔውኑ አየሁት። ጉልበቱ ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል። ዳሌው ግን ኳስ ነው። ጉልበቱን ወደ ጎን የሚከፍተው፣ ጭኑንም ወደ ውጭ የሚያዞረው እሱ ነው። እኔ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ለካሁት። በመሳቢያዬ ውስጥ የማርሽ ዘንግ አስቀምጬ ለስንት ሾፌር ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ በገዛ ቅጼ ላይ ኳሱን እንደ ማጠፊያ ቆጠርኩት። ሁለት ሣጥን ስላበጀሁለት ሁለት አቅጣጫ ብቻ ያለው መሰለኝ። ወረርሽኙ በነበረበት ወቅት ሥራ በዝቶ ነበር ብዬ ማመካኘት እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ያን ዕለት ከጉሌድ ሌላ የነበረኝ ሕመምተኛ አንድ ብቻ ነበር።

«ባልሽ ውሸታም አይደለም» አልኳት ለሂቦ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን ለእኔ ሳይሆን ለኦመር ንገረው» አለች።

አቶ ሙክታርን በሳምንት አንድ ቀን ወደ አውበሬ የስደተኞች መጠለያ አካባቢ በሚሄደው ቡድን እንዲመድበኝ ጠየቅሁት። «ጡረታህ ሲቃረብ አቧራ ፈለግህ?» አለኝ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቅጽ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ስሜን ዝርዝሩ ላይ ጨመረ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኦመርን አገኘሁት። ወረቀቱ ልክ እንዳልሆነ በአስተርጓሚ ሳይሆን በራሴ ስብርብር ሶማልኛ ነገርኩት። አዳመጠኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ «አዴር» አለኝ፤ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ለታላቅ የሚባል። «አዴር፣ መጀመሪያ ችሏል አልክ፣ አመንኩህ። አሁን አልቻለም ትላለህ። ነገ ደግሞ ችሏል ብትል የትኛውን ልመን?»

ጉሌድን ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ ደህነኛውን ዳሌ መጀመሪያ ለካሁ፤ ወደ ውጭ አርባ አምስት ዲግሪ ይዞራል። የተጎዳው አሥር ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ መጨረሻው አደረስኩት። ቆዳ ነበር፤ ትንሽ ይሰጣል። ደስ አለኝ። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ጎን እንዲጥል፣ ሰውነቱ እስኪሞቅ እንዲጠብቅ፣ ሳይጣደፍ እንዲለጥጠው አስተማርኩት።

«አዴር፣ ይህን ስሠራ ፍየሎቹ እንኳ ቆመው ያዩኛል» አለኝ አንድ ሳምንት።

«ምን ይላሉ?»

«ይሄም ሰውዬ እንደኛ ቀኑን ሙሉ ይተኛል ይላሉ።»

አሥሩ አሥራ አምስት ሆነ፤ ሃያ፤ ሃያ አምስት። እግሩን ከጉልበቱ ላይ ማሳረፍ ጀመረ፤ ጭኑ ግን ገና ተዘቅዝቆ ስለሚቀር ዕቃ አይዝም። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ። አንድ ወር በሃያ አምስት ቆየ። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ መጨረሻው ሳደርሰው ቆዳው አልነበረም። ደረቅ ነበር። የተሰበረው አጥንት ሲገጥም ወፍሮ ነበርና፣ አጥንት በአጥንት ላይ ደርሷል። በር ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ በመኪናው መስኮት ሜዳውን እያየሁ ይህን እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ቆየሁ። ሁለተኛ ጊዜ «ይሆናል» ብዬው ባይሆን፣ የመጀመሪያውን ስሕተት እደግመዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኤዶ ሮዳን ይዤ ሄድኩ። እጇን በዳሌው ላይ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፈተች። «በር ነው» አለች።

ጉሌድ ፊታችንን አየ። «አልቋል ማለት ነው?»

«ይህ አቅጣጫ አልቋል» አልኩት። «ከዚህ በላይ አይከፈትም። ብትገፋው ትጎዳዋለህ እንጂ አያልፍም።»

ኤዶ ሮዳ ግን እጇን ከዳሌው ላይ አላነሣችም ነበር። ጭኑን ወደ ታች፣ ወደ ተረከዙ፣ ከዚያ ወደ ላይ እየጫነች ትፈትሽ ነበር። «ጉሌድ፣ እዚህ ስጫን ያምሃል?»

«አያምም።»

«ይህ አጥንት እኮ ከሌላው ወፍራም ነው። እንደ ምሰሶ ነው» አለች። «ምሰሶን ማን ክፈት ይለዋል? ምሰሶ የሚፈለገው እንዲቆም ነው። በቀኙ ቁም፤ የሚከፈተው ግራው ይሁን።»

ጉሌድ ሳቀ፤ የመረረ ሳቅ ነበር። «ኤዶ፣ አባቴም አያቴም በግራቸው ቆመው ነው ያለቡት። ግመሏ ራሷ ታውቀኛለች። እግሬን ብለውጥ የማቅፍበት ክንድ ይለወጣል፣ ጭንቅላቴን የማስደግፍበት ጎን ይለወጣል። ይህ ማን ነው ብላ ትረግጠኛለች።»

«አስተዋውቃት እንግዲህ» አለች።

የእኔ ሥራ እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ግን የተለየ ሥራ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ መገጣጠሚያ እንዲንቀሳቀስ ስደክም ኖሬያለሁ፤ አሁን አንድ መገጣጠሚያ ሳይነቃነቅ እንዲጸና ማስተማር ነበረብኝ። በአንድ እግር ስንቆም የዳሌው ጎን ጡንቻዎች ወገባችን ወደ ባዶው በኩል እንዳይወድቅ ይይዙታል። የጉሌድ ከረጅም መተኛት በኋላ ደክመው ነበር፤ ሲቆም ወገቡ ይዘም ነበር። መጀመሪያ የቤቱን ግድግዳ ይዞ ቆመ። ከዚያ በአንድ ጣት ነክቶ። ከዚያ ሳይነካ። ከዚያ ባዶ ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ፤ ከዚያ ውኃ በተሞላ ዕቃ። ሂቦ ውኃው ሲፈስ ጠብታውን እየቆጠረች ትነግረው ነበር። በአጎቱ ልጅ ዘንድ ካሉት ግመሎች አንዷን፣ በዕድሜ የገፋችውንና ገር የሆነችውን፣ ጠዋት ጠዋት እየሄደ በአዲሱ አቋሙ ሳያልብ ብቻ አጠገቧ ይቆም ጀመር። አስተዋወቃት።

አንድ ቀን ጠዋት ቡድናችን ከመድረሱ በፊት ብቻዬን ቀድሜ ሄድኩ፤ ጉሌድ እንድመጣ ልኮብኝ ነበር። በበረቱ አጠገብ ኦመር ቆሟል። ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። በኪሴ አዲስ የጻፍኩት ወረቀት ነበር፤ ሁሉም አቅጣጫ የተለካበት፣ ከሥሩም የመጀመሪያው ስሕተት መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት።

ግልገሏን መጀመሪያ ለቀቋት፤ ጥቂት ጠባችና ወተቱ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ጎን አደረጓት። ጉሌድ ወደ ግመሏ ቀረበ። በቀኝ እግሩ ቆመ። የግራ እግሩን አንሥቶ መርገጫውን በቀኝ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፤ ጭኑ ተከፈተ፤ ዕቃው ተቀመጠ። ግመሏ አንገቷን መልሳ አየችው። ጥቂት አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ወደፊት መልሳ ማመንዠኳን ቀጠለች።

እኔ የማየው ወተቱን አልነበረም። ወገቡን ነበር። አልዘመመም። ወተቱ ዕቃው ውስጥ ሲወርድ ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ አረፋው ሲነሣ ወፈረ። አንድ ጊዜ ብቻ ተረከዙ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ጸና። ዕቃውን አውርዶ ለሂቦ ሰጣት። እሷ ወደ ውስጡ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ኦመር ወደ ወንድሙ ሄዶ ትከሻውን ያዘው። በሶማልኛ የተባባሉትን ሁሉ አልሰማሁም፤ «ግመሎችህን ማታ አምጣቸው» የሚለውን ግን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ አዲሱን ወረቀት አወጣሁ።

«ይህ የተስተካከለው ነው» አልኩት። «ሁሉም ተለክቶበታል።»

«ተወው አዴር» አለ። «አየሁት እኮ።»

ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለውን የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትን ዋናውን፣ አውጥቶ በእጄ አኖረው። «ይህ የአንተ ነው።»

በዚያው ሳምንት ግድግዳው ላይ የነበረውን ቅጽ አወረድኩ። አዲሱ ሁለት ገጽ ሆነ፤ ለዳሌና ለትከሻ ስድስት ስድስት ሣጥን፣ ከሥሩም ቁጥር የማይጻፍበት አንድ ባዶ መስመር አለው፦ «ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራው ምንድን ነው?» አቶ ሙክታር ለሪፖርት ረዘመ ብሎ አጉረመረመ፤ ግን ፈረመ። ኤዶ ሮዳ አይታው «እሺ» አለች፤ የመጀመሪያው ዓይነት እሺ።

ጎኒዮሜትሯን ለንብረት ክፍል አስረክቤአለሁ። ኦመር የመለሰልኝን ወረቀት ግን አላስረከብኩትም፤ በማንም መዝገብ ላይ የለም። ቤቴ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ አውጥቼ አነበዋለሁ። ጉልበት ሲታጠፍ፣ መቶ ሰላሳ። ዳሌ ሲታጠፍ፣ መቶ ሃያ። ዳሌ ሲዘረጋ፣ አሥራ አምስት። አንድ በአንድ ደግሜ መርምሬአቸዋለሁ፤ በላዩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ዛሬም ትክክል ናቸው።